ዝናብ በአማካይ አይዘንብም

ሚያዝያ ሲገባ የጎብዬ ገበሬ ሁለት ሰማይ ያያል። አንደኛው ከማሳው በላይ ያለው ነው። ሁለተኛው በስተምዕራብ፣ በጊዳንና በላስታ ተራሮች ላይ ያለው ነው። ሜዳው በፀሐይ እየተቃጠለ የተራራው ጫፍ ከጠቆረ ማታ ወይም ሌሊት ጎርፍ ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ አካፋና ዶማ ይወጣል። አምና የፈረሰው የጎርፍ መጥለፊያ በአፈር፣ በድንጋይና በእሾህ ይጠገናል፤ የማን ማሳ ቀድሞ እንደሚጠጣም ይነጋገራሉ።

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት፤ ከፍታዋ 1500 ሜትር ገደማ ነው። በምዕራቧ ደጋው ቀጥ ብሎ ይነሳል። በምሥራቅ ከሜዳው ማዶ የዞብል ተራሮች አሉ፣ ከእነሱ ወዲያ አፋር ነው። በደቡብ አላ ውሃ፣ በሰሜን ጎሊናና ሆርማት ከደጋው ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደ አፋር ያልፋሉ። የሜዳው ዋና እህል ማሽላ ነው። ጤፍና ማሾም ይዘራሉ፤ የማሽላው ዘር ሲከሽፍ የሚያድኑትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

በሚያዝያ በየቤቱ አንድ ዓይነት ንግግር ይደገማል።

«አባባ፣ ዘር ልጣል ወይስ ልጠብቅ?»

«ደጋው ዘነበ ወይ?»

«ትናንት ማታ ዘንቧል አሉ።»

«እንግዲያስ አፈሩን ቆፍረህ እየው። እርጥበቱ ስንዝር ከዘለቀ ጣል። ካልዘለቀ ዘርህን አታባክን።»

መልሱ አጭር ቢሆንም የተሸከመው ነገር ብዙ ነው። ጅጉርቲና ደገሌት የሚባሉት የአካባቢው ማሽላዎች ቁመታቸው ረጅም፣ አገዳቸው ለከብት፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚሆን ነው፤ ለመድረስ ግን ብዙ ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በበልጉ ዝናብ፣ በሚያዝያ መዘራት አለባቸው። በሚያዝያ የበቀለው ቡቃያ በግንቦት ፀሐይ ከጠወለገ ገበሬው እንደገና ያርሳል፤ እንደገና ዘር ይፈልጋል። ሐምሌ ላይ የሚዘራው ግን ጅጉርቲ መሆኑ ይቀርና ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይሆናል። እህሉ ቢገኝ እንኳ አገዳው ይቀንሳል፤ አገዳው ሲቀንስ በሬው በበጋ ይከሳል፤ የከሳ በሬ ደግሞ የሚቀጥለውን ሚያዝያ ማረሻ በደንብ አይጎትትም። አንድ የተሳሳተ የዘር ሳምንት መዘዙ እስከ ሌላ ዓመት ይዘልቃል።

አዛውንቱ የሚመክሩት ከሚያስታውሱት ተነሥተው ነው። የሰው ትውስታ ግን ሁሉን ዓመት እኩል አይዝም። የሰባ ሰባትን ረሃብ የማያስታውስ የራያ ሰው የለም። መኪና ሞልቶ ማሽላ የተጫነበትን ዓመትም ሰው ያስታውሳል። በመካከል ያሉት፣ በልጉ ሁለት ሳምንት የዘገየባቸው፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ለ10 ቀን የተቋረጠባቸው ተራ ዓመታት ግን ይረሳሉ። ለዘር ውሳኔ የሚያስፈልጉት ደግሞ በትክክል እነዚያ የተረሱት ናቸው፤ ብዙው ዓመት ተራ ዓመት ነውና።

የተረሱትን ዓመታት የሚይዙ መጻሕፍት አሉን። የጂኦግራፊ ምሁሩ ዳንኤል ጋመቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ኢትዮጵያ የአየር ጠባይና የውሃ ሚዛን ያሳተሙት ጥናት አንዱ ነው። ሌላው ብሔራዊ የሜትሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት በ1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1996) ያወጣው፣ የኢትዮጵያን የአየር ጠባይና ለግብርና ያለውን ሀብት የሚዘረዝረው ሥራ ነው። ይህን ሁለተኛውን በአገራችን የዝናብ ጥናት ላይ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይጠቅሰዋል። ከታተመ 30 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ዛሬም ድረስ ከእሱ የሚነሣው ሰው ብዙ ነው። በእኔ እምነት አገራችን ካሳተመቻቸው ጠቃሚ መጻሕፍት አንዱ እሱ ነው። ይጠቅመዋል ለተባለው ገበሬ እጅ ግን አልደረሰም።

መጽሐፉ አገሪቱን በዝናብ አመጣጧ ይከፍላታል። በምዕራቡ ዝናቡ በአንድ ረጅም ወቅት ይመጣና ይሄዳል። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ሁለት ዝናብ አለ፤ በመካከሉ ግልጽ ደረቅ ጊዜ ይገባል። ወሎን ጨምሮ በመካከለኛው፣ በምሥራቁና በሰሜን ምሥራቁ አገር ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬም ትንበያውን የሚያወጣው በእነዚህ ሦስት ወቅቶች ነው። ለጎብዬ ይህ አከፋፈል የካርታ ቀለም ብቻ አይደለም። ሜዳው በሁለት ዝናቦች ድንበር ላይ ያለ ነው፤ ረጅሙ ማሽላ በበልግ ተዘርቶ በክረምት ያድጋል፣ ከሁለቱ አንዱ ከቀረም ይጎዳል።

ሰማይን በመጽሐፍ የማስፈር ልማድ በዚህ አገር አዲስ አይደለም። ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ባለው ክፍሉ ስለ ፀሐይና ጨረቃ ዑደት፣ ስለ ነፋሳትም ይተነትናል። ነፋሳት የሚወጡባቸው 12 በሮች አሉ፤ በአራቱ የበረከት፣ በስምንቱ የጥፋት ነፋስ ይወጣል፤ ዝናብና ጤዛ፣ ድርቅና አንበጣም እንደ በራቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወሰደ። ከ200 ዓመት በኋላ የጥንት የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ የነበረው ኦቶ ኖይገባወር እነዚህን ምዕራፎች እንደገና ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳተማቸው። ሃይማኖታዊ ክብሩ ለምእመኑ የታወቀ ነው። እዚህ ያነሣሁት ግን ጥያቄውን አጥርቶ ስለ ጠየቀ ነው፦ ነፋሱ በየት በኩል ሲመጣ ምን ይዞ ይመጣል?

የዛሬው ሜትሮሎጂም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የበልግ እርጥበት በብዛት ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር በኩል በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይመጣል። ዝናብ ለመሆን ግን ከሰሜን በኩል የሚዘልቅ ቀዝቃዛ የአየር ሞገድ ሊያገኘው ይገባል፤ ሁለቱ ካልተገናኙ ደመናው እየታየ ያልፋል። በልግ እምነት የማይጣልበት ወቅት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ አውሎ ነፋስ ሲነሣም ወደ እኛ ሊመጣ የነበረውን እርጥበት ይስበዋል። ክረምቱ ከዚህ ይለያል። የሰሜኑና የደቡቡ ነፋሳት የሚገናኙበት መስመር ወደ ሰሜን ሲወጣ ከአትላንቲክ፣ ከኮንጎ ደንና ከሕንድ ውቅያኖስ የተጫነ እርጥበት ደጋውን ይወጣል። የምዕራቡ ደመና ብዙውን ውሃ ተራራው ላይ ያራግፋል፤ ወደ ራያ ሜዳ የሚሻገረው ትራፊው ነው። ለዚህ ነው በቆቦ አካባቢ ዓመታዊው ዝናብ ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆነው።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በማሳ ቋንቋ እንየው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ውሃ ነው፤ ሩብ ሄክታር ተብሎ በሚቆጠረው ጥማድ ላይ 2,500 ሊትር ይሆናል። እንዲህ ሲታሰብ 650 ሚሊ ሜትር ትንሽ አይደለም። ማሽላ ከዚህ ባነሰም ይደርሳል። ታዲያ ራያ ለምን በተደጋጋሚ ይራባል?

አማካይ የሚባለው ቁጥር የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓመት 400፣ ሌላው ዓመት 900 ቢዘንብ አማካዩ 650 ይሆናል። በሁለቱም ዓመት ግን 650 የዘነበበት ማሳ የለም። በአንዱ ማሽላው ደርቋል፤ በሌላው ጎርፍ ማሳውን በልቷል። መጽሐፍን ከፍቶ የዓመቱን አማካይ ብቻ ወስዶ የሚዘጋ ባለሙያ መጽሐፉን አላነበበውም። በደንብ የተሠራ የአየር ጠባይ መጽሐፍ ዋጋው ከአማካዩ ወዲያ ባሉት ገጾች ነው። ዝናቡ ከዓመት ዓመት ምን ያህል ይዋዥቃል? መቼ ይገባል? መቼ ይወጣል? በመሃል ስንት ቀን ይቋረጣል? ዝናቡ ከአፈርና ከተክል በትነት የሚጠፋውን ውሃ ግማሽ መሸፈን የሚችለው ስንት ሳምንት ነው? በግብርና ሜትሮሎጂ የእድገት ጊዜ የሚባለው ይህ የመጨረሻው ነው፤ የዘር ዓይነት መመረጥ ያለበትም በእሱ ልክ ነው።

ዝናብ ገባ የሚባለው መቼ ነው ለሚለው ባለሙያዎች በስፋት የሚሠሩበት መለኪያ አለ። በተከታታይ እስከ 3 ቀን ባለ ጊዜ ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ፣ በሚቀጥሉት 30 ቀናትም ዝናቡ በተከታታይ ለ10 ቀን ካልተቋረጠ፣ ገብቷል ይባላል። የመጀመሪያው ግማሽ አዛውንቱ ስንዝር ቆፍረው ከሚያዩት ጋር ይቀራረባል። ሁለተኛውን ግማሽ ግን ማንም ቆፍሮ ሊያየው አይችልም፣ ገና አልመጣምና። ለእሱ ያለን ነገር ያለፈው ብቻ ነው። ባለፉት 30 ወይም 40 ዓመታት ሚያዝያ ላይ እንዲህ ዘንቦ ስንት ጊዜ ተቋረጠ? ከ10 ዓመት በ3ቱ ነው ወይስ በ7ቱ? በ3ቱ ከሆነ ገበሬው ዘሩን ሊጥል ይችላል። በ7ቱ ከሆነ ግማሹን ማሳ ረጅም ማሽላ ዘርቶ ግማሹን ለሐምሌ ማቆየት ይሻለዋል። የቆየ መዝገብ የሚሰጠው እንዲህ ያለ መልስ ነው፤ አዲስ የስልክ መተግበሪያ የነገን ደመና ቢያሳየውም ይህን መልስ ከራሱ አያመጣም።

የአገራችን የወቅት ትንበያ ራሱ ከመዝገብ የሚወለድ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። የሜትሮሎጂ ተቋሙ እ.ኤ.አ. ከ1987 ወዲህ የየወቅቱን ትንበያ ሲያወጣ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመበት ዋና ዘዴ ተመሳሳይ ዓመታትን መፈለግ ነው። ባለሙያው የውቅያኖሶችን ሙቀት በተለይም የፓሲፊክን ይመለከታል። ያ ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ ኤል ኒኞ ይባላል፤ ብዙ ጊዜም የእኛን ክረምት ያዳክማል። ከዚያ የዘንድሮ ባሕር የትኛውን ያለፈ ዓመት ይመስላል ብሎ ይጠይቃል። ዓመቱ ሲገኝ ያኔ በየጣቢያው ምን ያህል እንደዘነበ ይታያል፤ ለመጪው ወቅት የሚነገረው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ዘዴው ፍጹም አይደለም። እንደ ድሪባ ቆሬቻ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ትንበያው ምን ያህል እንደሚሳካ ፈትሸው፣ ያለውን ድክመት በግልጽ ጽፈዋል። ሆኖም ያለ መዝገቡ ዘዴው ጭራሽ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤል ኒኞ ክረምቱን ሲሰብረውና በቀጣዩ ዓመት የዕርዳታ ፈላጊው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ሲደርስ፣ የዓመቱ ክፋት የተለካው ከ1976 ዓ.ም. ክረምትና ከሌሎች የተመዘገቡ ክፉ ዓመታት ጋር እየተነጻጸረ ነው።

1976 ያልኩት በስህተት አይደለም። ሕዝቡ ሰባ ሰባት ብሎ የሚጠራው ረሃብ የመጣው በ1976 በልጉም ክረምቱም ከከሸፉ በኋላ ነው። ከቆቦ በስተሰሜን ባለው ኮረም የቢቢሲው ማይክል በርክ ያቀረበው ዘገባ ዓለምን ያስደነገጠው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ዝናቡ ከቀረ ወራት አልፈውት ነበር። የዝናብ መለኪያው ከካሜራው ቀድሞ ያውቅ ነበር። ይህን ስል ረሃቡ የዝናብ እጥረት ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን የገጠር ረሃብ አጥንተው ባሳተሙት መጽሐፍ ድርቅን ወደ ረሃብ የሚለውጠው የገበሬው አኗኗርና የሥርዓቱ አያያዝ መሆኑን አሳይተዋል። የተመዘገበ ሚሊ ሜትር ሰሚ ካላገኘ ማንንም አያድንም።

እነዚህ ሚሊ ሜትሮች ከየት ይመጣሉ? በየጣቢያው ያለ ሰው በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወደ ዝናብ መለኪያው ሄዶ የተጠራቀመውን ይሰፍራል፤ በወር ቅጽ ላይ ይጽፈዋል። ያልዘነበ ቀንም ይጻፋል፤ ዜሮ ራሱ መረጃ ነው። አራተኛ ደረጃ የሚባለው ጣቢያ ዝናብን ብቻ ይለካል። ሦስተኛ ደረጃው የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ይጨምራል። እንደ ኮምቦልቻ ያለው አንደኛ ደረጃ ጣቢያ ደግሞ ነፋሱን፣ እርጥበቱን፣ የአየር ግፊቱን ሁሉ በየሰዓቱ ይከታተላል። በትንንሽ ከተሞች ለኪው ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራ ያለው፣ አስተማሪ ወይም የግብርና ሠራተኛ የሆነ ሰው ነው፤ የሚከፈለውም ጥቂት ነው። እኔ ለእነዚህ ሰዎች ያለኝን አክብሮት በቃል መግለጽ ይከብደኛል። አንድ ሰው በዝናብ ውስጥ፣ በበዓል ቀንም ሳይቀር፣ ስሙ በማይጻፍበት መጽሐፍ ውስጥ የሚገባ ቁጥር ለመስፈር ከቤቱ ይወጣል። ዳንኤል ጋመቹም የ1988ቱ መጽሐፍ አዘጋጆችም የሠሩት በእነዚህ ሰዎች ቅጾች ላይ ነው።

ቅጹ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። በሰሜኑ አገር መዝገብ ላይ የጦርነት ዓመታት በባዶ ረድፍ ይታወቃሉ፤ ከ1983 በፊትም በኋላም ያሉ ዓመታት፣ እንደገናም ከ2013 ወዲህ ያሉት እንዲሁ ናቸው። ራያ ቆቦ በዚህ በቅርቡ ጦርነት ከአንዴም ሁለቴ የውጊያ መሬት ሆናለች። የጠፋ ቀን ተመልሶ አይለካም። ያም ሆኖ ክፍተቱን ለመጠገን ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኢትዮጵያዊው ቱፋ ዲንቁና የሜትሮሎጂ ተቋሙ ባለሙያዎች የጣቢያዎችን ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕደው፣ ጣቢያ ለሌለበት ቦታ ጭምር በየ10 ቀኑ የሚሆን የ30 ዓመት የዝናብ መዝገብ ሠርተዋል። ሳተላይቱ ግን ደመናን ከላይ አይቶ የሚገምት ነው፤ ግምቱ የሚታረመው መሬት ላይ በተሰፈረው ውሃ ነው። ያ አሮጌ ወረቀት ባይኖር የሳተላይቱ ግምት ማረሚያ ያጣ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ መጽሐፉን ያወድሳል። ጎብዬ ላይ ግን መጽሐፉ የማይመልሰው ጥያቄ አለ። በጎብዬ የሚዘንበውና የጎብዬ ማሳ የሚጠጣው አንድ አይደለም። የቆቦ መለኪያ ዜሮ በጻፈበት ሌሊት ጊዳን ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ወርዶ ሜዳውን ሊያጠጣ ይችላል። ደለል ያዘለው ይህ ውሃ አፈሩንም ያለማል፤ አንድ ጊዜ በደንብ የጠጣ ማሳ ሳምንታት ይቆያል። በተቃራኒው የቆቦ አማካይ ጥሩ የሆነበት ዓመት ደጋው ካልዘነበ መጥለፊያው ደርቆ ሊከርም ይችላል። ጎርፉም ሁልጊዜ በረከት አይደለም። ከመጠን ካለፈ መጥለፊያውን አፍርሶ፣ ቡቃያውን በአሸዋ ቀብሮ ወደ አፋር ይሄዳል። ይህን ሁሉ አዛውንቱ «ደጋው ዘነበ ወይ?» በምትለው ጥያቄያቸው ይይዙታል። በየጣቢያው ብቻ የሚያስበው መጽሐፍ አይዘውም።

በቆቦና በጊራና ሸለቆ ባለፉት አሥርት ዓመታት ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማል። ያ የከርሰ ምድር ውሃም ቢሆን ብዙው ከዚያው ደጋ የሰረገ ዝናብ ነው፤ ምን ያህል ማውጣት እንደሚቻል የሚወስነው በየዓመቱ የሚተካው መጠን ነው። እዚያም የደጋው መዝገብ ያስፈልጋል።

ዘሩን በተመለከተም እንዲሁ ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በቆቦ የሙከራ ጣቢያ አለው። ከተለቀቁት ማሽላዎች ውስጥ ሆርማት፣ ጊራና፣ ራያ የሚባሉ አሉ፤ የዚሁ አገር ወንዝና ሜዳ ስሞች ናቸው። ጎብዬ የሚባል ማሽላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራን እንዲቋቋሙ ካወጧቸው ማሽላዎች አንዱ ሲሆን አብሽር ከሚባለው ወንድሙ ጋር ተለቋል። አቀንጭራ በተራበና በደረቀ አፈር የሚበረታ፣ የማሽላን ሥር የሚመጥ አረም ነው። ጎብዬ ማሽላ አጭርና ፈጥኖ ደራሽ ነው፤ ክረምቱ ብቻ ለሚታመንበት ዓመት የሚሆን። ገበሬው ለአገዳው ሲል ጅጉርቲን መውደዱ ተገቢ ነው። የትኛውን ዓመት በጅጉርቲ፣ የትኛውን በጎብዬ ይሂድ የሚለውን ግን ያለ መዝገብ የሚወስን ባለሙያ በገበሬው በሬና በገበሬው ልጅ ላይ ነው የሚወስነው።

ስለዚህ የ1988ቱን መጽሐፍ አሮጌ ነው ብሎ መደርደሪያ ላይ መተው ትልቅ ጥፋት ነው። የአየር ንብረት ተለወጠ ሲባል ከምን ተለወጠ ተብሎ ይጠየቃልና መልሱ ያለው እዚያ ነው። በሌላ በኩል ያለ ማደስ ማምለክም አይገባም። ዛሬ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት መነሻ የሚያደርገው እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለውን 30 ዓመት ነው፤ ከእሱ አብዛኛው መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ያለፈ ነው። የሚያስፈልገን ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ አዲስ እትም ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑም ይብቃ። በቀበሌ ያለ የግብርና ሠራተኛ በአማርኛ አንብቦ ለገበሬው የሚያስረዳው ይሁን። በወር ሳይሆን በየ10 ቀኑ ይከፈል። አማካዩን ከመጻፉ በፊት ከ10 ዓመት በስንቱ ዝናቡ እንደሚቋረጥ ይንገረን። የቆቦ ገጽ በሚከፈትበት ቦታ የጊዳን ደጋ ዝናብ በጎኑ ይታተም፤ ከሥሩም ጎርፉ በየትኞቹ ቀናት እንደወረደ መጥለፊያውን የሚጠግኑት አባቶች የሚያውቁት ተጠይቆ ይጻፍ።